«ከሳህ» ላላችሁኝ ሁሉ

ዛሬ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ እዚያ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት እትዬ ብርቄ አይተውኝ ደረታቸውን መቱ። «ውይ በሞትኩት! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?»

የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለብኝ አያውቁም። ሐኪሜ ክብደት ቀንስ ስላለኝ፣ ስድስት ወር ሙሉ ክትፎ ትቼ ጎመን ስበላ፣ በየጠዋቱ እስከ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር በእግሬ ስመላለስ ነው የከረምኩት።

«ኦኬ ነኝ እትዬ፣ ዳይት ላይ ሆኜ ነው» ብላቸው አላመኑኝም። ክትፎ አስመጥተው በእጃቸው አጎረሱኝ። እምቢ ማለት ራሱ ደከመኝ፤ ዋጥኩት።

ካንሰሩ የተገኘብኝ እኮ ቦርጫም ሳለሁ ነው። ያኔ «አሜሪካ ተስማማህ» ነበር የሚሉኝ።

እናንተስ፣ ለመዳን ብላችሁ ስትከሱ ሰው ሲያዝንላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ንገሩኝ። እትዬ ብርቄ ፌስቡክ የላቸውም፤ እውነቱን እዚህ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።