ቁርቁራውን የመረጠው

ባለፈው ሳምንት ከሮቢት ወደ ቆቦ ስመጣ በሚኒባሱ መስኮት የገባው አቧራ ጥርሴ ላይ ቀጭ ቀጭ አለ። የመጀመሪያ ሥራዬ ትዝ አለኝ።

ከግብርና ኮሌጅ እንደወጣሁ በግብርና ባለሙያነት የተመደብኩት ከቆቦ በታች፣ ሜዳው መሐል ላለ ቀበሌ ነበር። ትምህርት ቤቱ ዙሪያውን አንድ ዛፍ አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ልጆቹ ደብተራቸውን በክርናቸው ተጭነው ነበር የሚጽፉት። እኔ ከመምጣቴ በፊት ነፋሱ የአንዱን ክፍል ጣሪያ ነቅሎ ማሽላ ማሳ ውስጥ ጥሎት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ነፋስ የሚመልስ ዛፍ እንድተክል ጠየቀኝ።

ግራቪሊያ መረጥኩ። ቶሎ ያድጋል፤ ኮሌጃችን አጥር ላይ ተሰልፎ ሲያምር አይቼዋለሁ። ችግኞቹን ከመኪና ስናወርድ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ አንዱን ቅጠል በጣታቸው አሹት።

“ይሄ የደጋ ነው። እዚህ አገር የሚቆመው ቁርቁራ ነው፤ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል።”

“እሾህ ነው እኮ አባባ፣ ለልጆች አይሆንም” አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ያሳሰበኝ እሾሁ አልነበረም። የተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው።

አልተከራከሩኝም። ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆም በየማለዳው ከእጅ ፓምፑ በጄሪካን ውሃ እያመጡ ችግኞቹን አንድ በአንድ ያጠጡ ጀመር። ስደርስ የእርጥብ አፈር ሽታ ይቀበለኝ ነበር። በጥር የቅጠሎቹ ጫፍ ተቃጠለ፤ በመጋቢት አንድም አልቀረም።

የደረቁትን ስነቅል አጠገቤ ቆመው ነበር። “አንቱ እንደማይጸድቅ እያወቁ ለምን ይህን ሁሉ ውሃ ተሸከሙ?” አልኳቸው።

“ይተርፍ እንደሆነ ብዬ ነዋ። ደግሞ ጠዋት ስትመጪ መጀመሪያ የምታዪው እሱን ነው። ደርቆ እንድታገኚው አልፈለግሁም።”

የቁርቁራ ዘር ከየት እንደሚገኝ ጠየቅኳቸው። ጎረቤት ወዳለ የፍየል በረት ወሰዱኝ። ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው የተፉትን ዘር፣ በዚያ በሚያፍን የበጠጥ ሽታ ውስጥ ጎንበስ ብለን ስንለቅም ዋልን። በክረምቱ ከዘሩ ያፈላነውን ችግኝ በሁለት ረድፍ ተከልን።

ስዛወር ቁመቱ ጉልበቴ ድረስ ነበር። “ጥላው ሥር ትቀመጫለሽ፣ ኢንሻአላህ” አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው። ከዚያ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ጦርነቱ፤ ሳልመጣ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ሳምንት ግን ከቆቦ ወደ ትምህርት ቤቱ በባጃጅ ወረድኩ። ቁርቁራው ከጣሪያው በልጧል። አንዲት ወጣት መምህርት ከጥላው ሥር ደብተር ታርማለች። ስለ ሽማግሌው ዘበኛ ጠየቅኳት።

“አረፉ እኮ። ያውቋቸው ነበር?”

“አውቃቸው ነበር።”

“ደግ ሰው ነበሩ። ይህን ዛፍ የመረጠችልን አንዲት ጎበዝ የግብርና ልጅ ናት እያሉ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይነግሩ ነበር።”

“የመረጡትስ እሳቸው ናቸው” አልኳት። ደብተሮቿን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝና ተቀመጥኩ።