እትዬ ብርቄ ሐኪም የፈተኑበት ቀን

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ካላክላ

በሱዳን ዋና ከተማ ዳር ካለው ሰፈራችን ጎረቤቴን እትዬ ብርቄን ይዤ የወጣሁት የሐሞት ጠጠራቸውን ዛሬውኑ ለማስወጣት ነው። ነገ የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ ሐኪሞቹም ሥራ አይገቡም። እትዬ ደግሞ በሕመም አጎንብሰው መሄድ ከጀመሩ ሰንብተዋል።

አውቶቡሱ ከሰው ብዛት በሩ አልዘጋ ብሎ ነበር። ለተቃውሞ መንገዱን በድንጋይ የዘጉት ወጣቶች የእትዬን ፊት ሲያዩ ድንጋዩን ገፋ አድርገው፣ «ያ ኻልቲ፣ ተፈደሊ! አክስቴ፣ ይለፉ!» እያሉ አሳለፉን።

ሦስት ሰዓት፣ ዐማራት

የሰፈሩ ክሊኒክ ሐኪም ከዚህ በፊት ደም ተመርምረው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ላ! ወላሂ፣ አልተመረመርኩም» አሉ፣ መስቀላቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ።

ከትናንት በስቲያ ካላክላ ያስመረመርኳቸው እኔ ነኝ! አፌን ልከፍት ስል ቆነጠጡኝ። እንደገና ደም ተቀዳ፤ ውጤቱን ስንጠብቅ ሁለት ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ «ቀዶ ጥገና እዚህ የለም፤ ሪያድ ሰፈር ሂዱ» አለን።

«ለምን ደበቁት?» አልኳቸው ባለሦስት እግሯ ረክሻ ላይ፣ በንዴት።

«የሌላውን ወረቀት ካሳየኸውማ ይገለብጠዋል እንጂ መቼ ይመረምራል? ዱክቱር ራሱ ይድረስበት!»

«ሊታከሙ ነው የመጡት ወይስ ሐኪም ሊፈትኑ?»

«ለሁለቱም።»

ስድስት ሰዓት፣ ሪያድ

ቀዶ ሐኪሟ ወጣት ሱዳናዊት ናት። «ከአድማው በፊት አንድ ቦታ ቀርቶኛል» አለች በዐረብኛ። «ግን የላቦራቶሪ ሠራተኞቹ ሰልፍ ወጥተዋል። የሰሞኑ የደም ውጤት ከሌላችሁ ላስገባቸው አልችልም።»

እትዬን አየኋቸው፤ እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ወዲያው ሕመሙ ጠምዝዞ አጎነበሳቸው። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው።

«እትዬ፣ በማርያም ያውጡት!»

«መጀመሪያ ደሜ ምን እንደሆነ ትንገረኝ» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሐኪሟ አማርኛ አትሰማም። ግን ጎንበስ ብላ የዓይናቸውን የታች ቆብ ዝቅ አድርጋ አየችና፣ «ትንሽ ደም ያንስዎታል» አለች።

እትዬ ቀና አሉ። «አለፈች!» ብለው ከጡታቸው መሐል ላብ የነካቸውን ሁለት ወረቀቶች፣ የካላክላንና የዐማራትን፣ አወጡ። ሁለቱም የሚሉት ያንኑ ነበር።

ሐኪሟ ወረቀቶቹንና እኔን እያፈራረቀች አየች። ከዚያ ሳቀችና፣ «ያላ፣ ይግቡ!» አለች።

ካላክላ፣ መልስ

አድማው ሲያበቃ እትዬን ቤታቸው መለስኳቸው፤ ጠጠራቸው በብልቃጥ ከራስጌያቸው ተቀመጠ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ወረቀትን አስቀድሞ ማሳየት ነው። እሳቸው ግን የተማሩ አልመሰለኝም ነበር፤ ጎረቤታችን ጋሽ ተካ ኩላሊቱን አሞት ሐኪም ቤት ሲሄድ ሊሰናበታቸው እስኪመጣ ድረስ።

«ሪያድ እሷ ጋ ሂድ» አሉት። «ወረቀትህንም እንዳትደብቅ። እኔ ፈትኜልሃለሁ።»