ረጅሙና አጭሩ በልጄ ሠርግ በር

ወረታ ውስጥ ሩዝ የምፈለፍልበት ማሽን አለኝ። ማሽኑ ሲነሳ ጣና ማዶ ያሉ ሰዎች ነጎድጓድ መስሏቸው ያሰጡትን እህል ያስገባሉ። ቢያንስ እኔ የማወራው እንደዚያ ነው። ተራ የሚጠብቅ ገበሬ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ጨዋታ ይፈልጋል፤ እኔም ከጨዋታ ሁሉ አብልጬ የምወደውን አነሳለታለሁ፦ ከሁለቱ ኦርጋን ተጫዋቾች የትኛው ይበልጣል?

ሁለቱም በየሠርጉ እየተጠሩ ብቻቸውን የሚጫወቱ ናቸው። አጃቢ የላቸውም፤ ከበሮውም ጭብጨባውም ከኦርጋኑ ሆድ ነው የሚወጣው። አንዱ የወረታ፣ ሌላው የአንበሳሜ ሰው ነው። ስማቸውን ትቼ ረጅሙና አጭሩ እላቸዋለሁ፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ረጅሙ በፎገራ ሙቀት፣ እንቁላል ድንጋይ ላይ በሚበስልበት ቀን፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚወርድ ብርማ ካፖርት ይለብሳል። ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ከዚያ ይቆማል። መቆም ስላችሁ መቆም ነው፤ ከአሥሩ ጣቶቹ በቀር ምኑም አይነቃነቅም። ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፊቱን ቀጥ አድርጎ፣ ሰው የሚያብድበትን ጭፈራ ይጫወታል። አንድ ሠርግ ላይ ላም ግንድ መስሏት መጥታ ስትታከከው በዓይኔ አይቻለሁ። እሱም አላቋረጠ፣ ላሟም አልተወችው።

አጭሩ ሌላ ፍጥረት ነው። ጸጉሩን ቅባት ለቅልቆ እንደ ሩዝ ችግኝ ቀጥ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ግራ ጫማው ቀይ ነው፣ ቀኙ ቢጫ። ኦርጋኑን በጠፍር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዘላል፤ በክርኑ ይመታዋል፣ በግንባሩ ይመታዋል፣ ሰው በጣም ካጨበጨበለት በአገጩ ይጨምርበታል። አንድ ቀን ማሽን ቤቴ መጥቶ የማሽኔን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ ሄደ። በሳምንቱ ያ ዱብ ዱብ ከኦርጋኑ እየወጣ አገር ሲያስጨፍር ሰማሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠግነው የኖርኩት ማሽን ያለኔ ዘፋኝ ሆነ።

የረጅሙ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ቤትህ ድረስ ተከትሎህ መጥቶ አብሮህ ይተኛል። አጭሩ እዚያው ያቃጥልሃል፤ በማግስቱ የምታስታውሰው ግን ጫማውን ነው። ስለዚህ እኔ የረጅሙ ወገን ነበርኩ። ለዚህ ስል ከስንት ደንበኛ ጋር ተኮራርፌያለሁ።

ባለፈው ጥር ያለችኝን አንዲት ሴት ልጅ ለአንበሳሜ ልጅ ዳርኩ። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ማሽን ቤት ድረስ መጣች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ማልልኝ።»

«የፈለግሽውን።»

«በሠርጌ ቀን ቀልድ የለም።»

«ታዲያ እኔን ለምን ትጠሪኛለሽ?»

አልሳቀችም። የሙሽራው ሴት አያት አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። በቀን ብርሃን ሰው ይለያሉ፤ ከመሸ ግን መቶ አምፖል ቢበራ አያዩም። «ሙሽሪት ደጄን ስትረግጥ ፊቷን አይቼ ልመርቃት» ብለዋል። «ሰርገኞቹ ሰባት ሰዓት ይመጣሉ፣ ወዲያው ይገባሉ፣ ይበላሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንወጣለን። እንዳታስመሽብኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። ማልኩላት። ከልቤ ነበር የማልኩት።

ሠርጉ የተደገሰው ቁሐር ሚካኤል፣ በአባቴ ግቢ ነው። እኛ ዘንድ ሰርገኛ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዞ አትገቡም እያለ ይዘፍናል፤ የሙሽራው ወገን ደግሞ ከውጭ እየመለሰ ይለምናል። ከዚያ በሩ ይከፈታል። የሩብ ሰዓት ነገር ነው፤ ሁሉም እንደሚከፈት ያውቃል።

እኔ መቼም የጠራሁት ረጅሙን ነው። ሰባት ሰዓት ላይ የሰርገኛው አይሱዙ ጥሩንባውን እያስጮኸ በሩዝ ገለባው መሃል ብቅ ሲል ግን ጭነቱ ላይ የሆነ ነገር ይዘላል። ልብ ብዬ ሳይ አንድ ቀይ፣ አንድ ቢጫ ጫማ። የአንበሳሜ ሰዎች አጭሩን ይዘውት መጥተዋል!

የዕድሜ ልክ ጥያቄዬ በእግሩ ደጄ ድረስ መጣ። ምን ላድርግ? ወደ ረጅሙ ጆሮ ጠጋ ብዬ «እስክታሸንፈው በሩን እንዳትለቅ» አልኩት። ለቀልድ ያህል ነው። ረጅሙ ግን በሕይወቱ ቀልድ ሰምቶ አያውቅም። ኦርጋኑን አንስቶ በሩ መሃል ተከለው፤ ራሱንም ከኋላው ተከለ።

ጀመሩ። ረጅሙ ከውስጥ በዚያ በቀዝቃዛ ድምፁ «አትገቡም» ይላል፤ አጭሩ ከመኪናው ላይ የእኔኑ ማሽን እያንዱበዱበ ይመልስለታል። ሚዜዎቹ በጎን ለመግባት ቢሞክሩ ረጅሙ አላያቸውም፤ አልተነቃነቀምም፤ ግንድን ማን ይገፋል? ስምንት ሰዓት ሆነ። አጭሩ በግንባሩ መጫወት ጀመረ። ወጡ እየቀዘቀዘ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ያኔ ረጅሙን በል ይበቃል ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ወንበር አስመጥቼ ተቀምጫለሁ።

የንስሐ አባታችን ከዳሱ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አባ፣ እርስዎ የዜማ ሰው ነዎት፤ የትኛው ይበልጣል?»

«ይህን ከዜማ መቁጠር ነውር ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «ረጅሙ አወራረዱን ያውቃል። ያኛው ትንፋሽ አለው። ለመሆኑ አንተ ሰው፣ ፀሐይዋን አይተሃታል?» አሉኝ።

«ትንሽ ብቻ አባ፤ ሊሸነፍ ነው።»

«ማን?»

«አንዱ።»

ይሄኔ ልጄ ወጣች። ሙሽራ ሳትጠራ አትወጣም፤ እሷ ቬሎዋን ሰብስባ ወጣች። ማንንም ሳታይ ከቤቱ ጀርባ ዞራ የእኛን ጄኔሬተር አጠፋችው። ረጅሙ በሞተው ኦርጋን ላይ ጣቶቹን ለጥቂት ጊዜ ማንቀሳቀሱን ቀጠለ። ውጭ ግን የአጭሩ ጄኔሬተር መኪናው ላይ ነው፤ ያሸነፈ መስሎት ሦስት ክንድ ዘለለ። ልጄ ረጅሙን በእጇ ወደ ጎን አደረገችው፤ እሺ አላት! አይሱዙው ላይ ወጣችና የእሱንም አጠፋችው። ፎገራ በሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከላይ ሆና በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰዓት ነው አባዬ?»

አሥር ሰዓት አልፏል። ከወንበሬ ተነሳሁ።

እህል ሳይቀምሱ መሄድ አይሆንም ብለው ሽማግሌዎች አስገቧቸው። ሲወጡ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ስትሳለመኝ ጉንጯን ሰጠችኝ፣ ዓይኗን ግን አልሰጠችኝም። ማታ የደወለችው ለእናቷ ነው። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ «መሽቶ አያትየዋ ፊቷን በእጃቸው ነው የዳሰሷት አለች» አለችኝ። «በሉ እናንተ እስከ ነገ ተከራከሩ፤ ማን አሸነፈ?»

ጎህ ሲቀድ ጫማዬን አሰርኩ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«አንበሳሜ።»

«ሰውዬው! የሙሽሪት አባት ከመልሱ በፊት አማቾቹ ደጅ አይታይም። ነውር ነው!»

«ከትላንቱ ይብሳል?»

ሚኒባስ ውስጥ የምለውን ስለማመድ ሄድኩ። ቀልድ የሌለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ሳበጅ መንገድ ላይ ያለችው ሐሙሲት ደረስኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። መልሰው ቢያባርሩኝም ሳልናገር ላልመለስ ቆርጫለሁ።

አላባረሩኝም፤ ደንግጠው አስገቡኝ። አያትየዋ መስኮቱ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ ላይ ተኝተዋል። ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሄጄ እግራቸውን ሳምኩ።

«እማማ፣ ያስመሸሁባችሁ እኔ ነኝ። ለልጄ ምዬ ነበር፤ አፈረስኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

«በሩን ያስያዝከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ልጂቱንስ አሁን በብርሃኑ አየኋት፤ መረቅኋት። እልፍኙ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ከማታ ጀምሮ በእነዚያ በሁለቱ ሲጨቃጨቅ አላስተኛኝም። እኔ ሄጄ አላያቸው! እስቲ ምን ምን ይመስላሉ? አሳየኝ።»

«እማማ፣ ቀልድ ትቻለሁ።»

«ማን ቀልድ አለህ? አሳየኝ ነው ያልኩህ። ብርሃኑ ላይ ቁም!»

ወደ ልጄ አየሁ፤ አልዞረችም። ግን ሂድም አላለችኝም።

አጭሩን ጀመርኩላቸው። በዚህ ጉልበቴ ዘለልኩ፤ በክርኔም በግንባሬም አየሩን መታሁት። ለምን እንደሚዘል ያኔ እየዘለልኩ ገባኝ። ከእሱ የባሰ ማንም ሞኝ ስለማይመስል፣ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው እንኳ ሳያፍር ለጭፈራ ይነሳል። እማማ ሳቁ። ቀጥሎ ረጅሙ። ከአልጋው ጫፍ ብርድ ልብስ ለምኜ ደረብኩ፣ ቆምኩ። እሱ ጭፈራውን በሙሉ ለአንተ ትቶልሃል፤ አንዲት ትከሻ እንኳ አይቀማህም። ስንት ዓመት ስፈርድባቸው አንዳቸውንም አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ታዲያ የትኛው ይበልጣል?» አሉ እማማ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አላውቅም እማማ።»

እኔ ብርድ ልብሴን ለብሼ እንደቆምኩ ነኝ። ከግድግዳው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ረጅሙ አይተነፍስም» አለች ልጄ፣ ሳትዞር በጎን ዓይኗ እያየችኝ። «ያንተ ሆድ ይነሳል።»

ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። እስክትዞር ድረስ ልቆም ቆርጬ ቆምኩ።