የካባው ግዝት

ይህን ለራሴ ንስሐ አባት እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንቱን «ልጄ፣ አትደብቅ፣ አውጣው» እያልኩ ስገሥጽ ኖሬ የራሴን ውጬ ቁጭ አልኩ። ቄስ ነኝ። የገዘትኩት እኔ ነኝ፤ ግዝቱን ያፈረስኩትም እኔው ነኝ።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከደብራችን በታች፣ አንድ ካባ አለ። መንገድ ሠሪዎች ድንጋይ ሲያወጡበት ቆይተው ጥለውት ሄዱ። ለኛ የተረፈን ገደልና ክረምት ክረምት የሚሞላ ኩሬ ነበር። የወይዘሮ ጥሩነሽ ጊደር የሰጠመችው እዚያ ነው። ጥሩነሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የንስሐ ልጄም ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ቦታውን ረግሞ ይተወው ነበር። እሷ ግን ለውኃው መውረጃ ቀደደችለት፤ ከዚያ አፈር በጆንያ እየተሸከመች ታወርድ ጀመር። ሰርዶ ከነሥሩ እያመጣች በድንጋዩ መሃል በተረከዟ ትረግጠዋለች፤ ማገጥ የሚባለውን ሣር ዘር ከየማሳው ዳር እየሸመጠጠች ትበትናለች። «ድንጋይ ላይ ትዘራለች!» ብለን ሳቅንባት። እኔማ ያውም ወንጌል ጠቅሼ ነው የሳቅሁት። በሚቀጥለው ክረምት ማገጡ ሲበቅል የሳቀው ሁሉ አፍሮ ሊያግዛት ወረደ።

አገሩ ተስማማ፦ ዘሩ እስኪረግፍ ከብት እንዳይገባ፣ ከዚያ ታጭዶ ለሁሉም እኩል እንዲከፈል። በኛ አገር ዘበኛ ይተኛል፣ ግዝት አይተኛም። ስለዚህ እኔን ለመኑኝ። መስቀሌን ይዤ ካባውን ዞርኩና ከብት የሚያስገባውን ገዘትኩ።

መስከረም ሲያልቅ በሬዬ የክረምቱ እርሻ አድክሞት አጥንቱ ወጥቶ ነበር። ማሳው በሰብል ተይዟል፣ ግጦሽ የለም። ሰው ሁሉ ቡሬ ገበያ በወጣበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የእሾሁን አጥር ከፍቼ አስገባሁት። አመለጠኝ አልልም። ገመዱን በገዛ እጄ ፈታሁለት። «የገዘትኩት እኔ፣ ማን ይጠይቀኛል?» አልኩ። አይ ድፍረት! በሬው ያበበውን ማገጥ ዘር ሳይጥል ጠረገው፤ ያልጠናውን ሰርዶ ከነሥሩ እየመዘዘ በላው። እኔ ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁ።

ዘወር ስል ጥሩነሽ ከገበያ ቀድማ ተመልሳ ቆማለች። በሬውን አየች። እኔን አየች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ጎንበስ አለች፤ እኔም፣ እግዚኦ፣ መስቀሌን ዘረጋሁላት። ተሳልማ ሄደች።

ጥፋቱ ሲታወቅ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ሲጠራ አጥፊው እስኪለይ አገሩ ዋርካው ሥር ይቀመጣል፤ ማንም ተነሥቶ አይሄድም። አስማዩም እኔ ነኝ! ሁሉም በየተራ መስቀሌን ይዞ «አላስገባሁም» ብሎ ማለ። እኔን ማን ያስምለኝ? በመጨረሻ ዐይን ሁሉ አያ ደመቀ ላይ ዐረፈ፤ የሱ በሬ አጥር ይዘላልና። ሽማግሌው ዳግመኛ ሊምል እጁን ወደ መስቀሌ ሲዘረጋ አየሁ። ዝም አልኩ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ጥሩነሽ ተነሣች። «ሌላ ሰው አትጠርጥሩ። ቅጣቱ በኔ ይሁን» አለች።

አልዋሸችም፤ «አስገባሁ» አላለችም። አገሩ ግን ላሟ አምልጣት የገባች መሰለው። የዓመቱ የሣር ድርሻዋ ቀረ። ብቸኛ ላሟን የምታበላው አጥታ ቡሬ ገበያ አውጥታ ሸጠቻት።

ቤቷ ሄጄ «ለምን?» አልኳት። «አባ፣ እርስዎ ሲወድቁ ግዝቱም ይወድቃል። ያን ጊዜ ሣሩን ማን ያከብረዋል? ሥር እስኪሰድ ዝም ይበሉ፤ ከዚያ ወዲያ እርስዎ ያውቃሉ» አለችኝ። ከደጅ ስወጣ ደግሞ «በሬዎን በጭድ ያባብሉት!» ብላ ጠራችኝ። እኔ ብሆን እንዲህ እችል ነበር? አልችልም። እንኳን ላሜን፣ ስሜን አልሰጥም ነበር።

ዛሬ ካባውን ብታዩት ካባ ነው አትሉም። ማገጡ ንብ ይርመሰመስበታል፤ ሰንበሌጡ የተቦረቦረውን ገደል ሸፍኖታል፤ ጊደሯ የሰጠመችበት ቦታ ቄጠማ ሆኗል። ከደምበጫ ሳይቀር ሰው እየመጣ ያያል። «አባ ባይገዝቱት ኖሮ!» እያሉ እኔን ያመሰግናሉ። እኔም ጥምጥሜን አስተካክዬ ፎቶ እነሣለሁ። እሷ ከጀርባዬ ታጭዳለች። አንድም ቀን በክፉ ዐይን አላየችኝም።

በሬዬ ተርቦ ነበር ብዬ አላመካኝም፤ የሁሉም በሬ ተርቦ ነበር። ሣሩም ሥር ከሰደደ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ የሷ አይደለም፣ የኔ ነው።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሣር ለመካፈል አገሩ ዋርካው ሥር ይቀመጣል። እዚያ እናገራለሁ። አያ ደመቀ ቢረግመኝ እውነቱን ነው። ጥሩነሽ ግን ስታየኝ እንደ ወትሮዋ ጎንበስ ልትል ትመጣለች። መስቀሌን አልዘረጋላትም። የዚያን ቀን የምጎነበሰው እኔ ነኝ።