የገዛን ሰው ስም

ሰውየው ሰርቪስ ቤታችንን ሲከራይ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አቃቂ ውስጥ አባቴ የሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሸጣል፣ አይሸጥም የሚል ወሬ ስለበዛ አባቴ ለክፉ ቀን ይሆነናል ብሎ ጓሮ ያለችውን ክፍል ለማከራየት ቆረጠ። ደላላው ይዞልን የመጣው ረጅም፣ ጠይም፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። የአገራችን ሰው መስሎን ነበር። እንግዳ መሆኑን ያወቅነው አፉን ሲከፍት ነው።

የመጣው ባርቤዶስ ከምትባል ደሴት ነው። ሰፈሩ የደሴቷን ስም ሰምቶ ስለማያውቅ «ጃማይካው» ብሎ ጠራው። መጀመሪያ መጀመሪያ ያርም ነበር፤ በኋላ ሰልችቶት ተወው። ሻሸመኔ ካሉት ወገኖቹ ጋር ሊኖር መጥቶ ሥራ በማጣቱ ነበር ወደ አዲስ አበባ የወጣው። ሙያው ፍሪጅ መጠገን ነው። ቃሊቲ አውራ ጎዳናው ዳር ለመንገደኛ ለስላሳ የሚሸጡት ባለሱቆች ፍሪጅ ሲበላሽባቸው የሚያስጠሩት እሱን ነበር።

አማርኛውን በጆሮው ስለለመደ «አንተ» እና «አንቱ» ይምታቱበታል። አንድ ቀን አባቴን «አንተ፣ ና ሻይ ጠጣ» አለው። እህቴ ስቃ ስትጨርስ አስረዳችው። ከዚያ ወዲያ ላለመሳሳት ሲል ሁሉንም ሰው አንቱ ማለት ጀመረ፤ እኔንም፣ ደላላውንም፣ ውሻችንንም ጭምር። አያቴ ይህን በሰማች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አያቴ የአባቴ እናት ናት። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችን እሷ ናት። አባቷ የመንዝ ባላባት እንደነበሩ እየሰማን ነው ያደግነው። እንግዳ ሲመጣ አባቴ የኚያን ሰው ስም ሳያነሣ አይውልም።

ለምን ወደ እኛ አገር እንደመጣ አንድ እሑድ ነገረን። ልጅ ሳለ እናቱ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል በጣቷ እያሳየች፣ ይህች አገር ማንም ያልሸጣት፣ ማንም ያልገዛት ናት ትለው ነበር። ደሴቱ ላይ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ቅርንጫፍ ስላለ ተጠምቆ ነው የመጣው። ይህን ሲሰማ አባቴ በጣም ወደደው።

የደሴቱን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የሰማሁት በሸንኮራ የተነሣ ነው። ከሳሪስ ስመለስ መንገድ ላይ ሸንኮራ ገዝቼ፣ ቆራርጬ፣ ምሳ ላይ ለሁሉም አቀረብኩ። እሱ አልነካም። ጥርሱን ያመመው መስሎኝ ጠየቅሁት። ሲያመነታ ቆየና፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን እህቴ እየተረጎመችለት፣ ተናገረ።

እንግሊዞች ደሴቱን ሲይዙ ጫካውን መንጥረው ከዳር እስከ ዳር ሸንኮራ ተከሉበት። የሚቆርጥና የሚጨምቅ ሰው ከአፍሪካ በመርከብ ገዝተው አመጡ። መጭመቂያው በነፋስ የሚዞር ትልቅ ወፍጮ ነው፤ ሸንኮራውን በእጁ ወደ ብረቱ የሚያስገባ ሰው አጠገቡ ይቆማል። በመከር ጊዜ ሥራው ቀንም ሌሊትም ስለማይቋረጥ ሰውየውን እንቅልፍ ይጥለዋል። ጣቱ ከገባ ክንዱም ይከተላል። ስለዚህ ከወፍጮው አጠገብ ሁልጊዜ የተሳለ መጥረቢያ ይቀመጥ ነበር አለ።

እኔ መጥረቢያው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የገባው አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከማሽን ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ፋብሪካቸው ውስጥ የአንድ ጓደኛው ጣት በመያዙ ክፍሉ በሙሉ መቆሙን ብዙ ጊዜ ነግሮናል። ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«ለምን ማሽኑን አያቆሙትም?» አለ።

«ነፋስ ነው የሚያዞረው። እስኪቆም ድረስ ሰውየው ይገባል» አለው። ቀጥሎም ድምፁን ሳይለውጥ፣ «አንድ እጅ ያለው ሰው በር ይጠብቃል። የሞተ ሰው ግን ለባለቤቱ ኪሳራ ነው።»

አባቴ ጉርሻውን ወደ ትሪው መልሶ ተነሣ። እኔ ሸንኮራውን ሰብስቤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። አያቴ ግን መብላቷን አላቋረጠችም። እንደ እኛ እንዳልደነገጠች ልብ ብያለሁ፤ ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

እህቴ መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። ማታ ማታ ሰውየውን ፊደል ታስቆጥረዋለች፤ መዋደዳቸውን ከአባቴ በቀር ሁላችንም አውቀን ነበር። ዓመት ሊሞላው ሲል ሽማግሌ ላከ። ዘመድ ስለሌለው የላከው አንድ የባቡር ጡረተኛና ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸውን የስልጤ ሰው ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሰርቪስ ቤቱ ወጥተው፣ የግቢውን በር ከውጭ ዘግተው፣ እንደ እንግዳ አንኳኩ። አባቴ ሳቁን እየዋጠ ከፈተላቸው።

ነገሩ መልካም ጀመረ። አባቴ ሰውየው ጨዋ፣ ሠራተኛ መሆኑን እንደማይክድ ነገራቸው። ነገር ግን ልጅ የሚሰጠው ለዘር ነውና ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ አለ። ጡረተኛው እኛ ስለማናውቅ ራሱ ይምጣና ይንገርህ አሉት። ተጠርቶ መጣ። ሸሚዙን ተኩሶ ነበር።

የራሱን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ቆመ። ከሁሉም ስም በኋላ አንድ የእንግሊዝ ስም ይከተላል። አባቴ የሁሉም ምንጅላት የሆነ ትልቅ ሰው ስም መስሎት፣ «ይኸኛው የመጀመሪያው አባታችሁ ነው?» አለው።

«አይደለም። የገዛን ሰው ስም ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱ ፊታችንን ሲያይ ማስረዳት እንዳለበት ገባው። ነጻ ሲወጡ ሰዎቹ የራሳቸው የአባት ስም ስላልነበራቸው የባለ እርሻውን ስም ያዙ፤ እስከዛሬም ይዘውት ይኖራሉ። አንድ ጊዜ እዚያው ደሴት ላይ የአንድ ነጭ ባለጸጋ ፍሪጅ ሊጠግን ሄዶ ስሙን ሲናገር፣ ሰውየው የእኔም ስም ይኸው ነው፣ ዘመዳሞች ሳንሆን አንቀርም ብሎ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲደርስ ግን እራት መብላት አቃተው።

አባቴ ሲያዳምጥ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። አዝኖለት መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ደግሞ ሌላ ነገርም ነበረበት። ሽማግሌዎቹን ተመካክረን እንልክላችኋለን ብሎ በትሕትና ሸኛቸው። በሩ እንደተዘጋ ወደ እህቴ ዞረ።

«ልጄን ለባሪያ ዘር አልሰጥም» አለ።

ቃሉ በዚያን ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ብርቅ አልነበረም። ሆኖም የሸንኮራውን ታሪክ ሰምቶ ምግብ ከዘጋው ሰው አፍ ሲወጣ ሁላችንም ክው አልን። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። ከጥግ ያለው አልጋ ላይ የነበረችው አያቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለች።

«እኔስ የማን ዘር ነኝ?» አለችው።

አባቴ ተቆጣና የባላባቱን ስም ጠራላት።

«እሳቸው አባቴ አይደሉም። የገዙኝ ጌታዬ ናቸው።»

የነገረችን ሁሉ ረጅም አልነበረም። ያመጧት ከግቤ ማዶ ነው። የወተት ጥርሷ ገና አልወለቀም። ከታላቅ እህቷ ጋር ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለች ወንዶች ያዟቸው። በመንገድ ላይ እህቷን ለሌላ ነጋዴ ሰጧት፤ ከዚያ ወዲያ አላየቻትም። እሷን ገበያ ላይ የባላባቱ ሰው ገዛት፤ ባላባቱም ለልጃቸው መዳሪያ ሰጧት። በኋላ አዋጅ ወጥቶ ነጻ ናችሁ ሲባል መሄጃ አልነበራትም። ክርስትና ስትነሣ ቄሱ የአባቷን ስም ጠየቁ፤ እሷ ስትወሰድ ልጅ ስለነበረች ረስታዋለች። እመቤቷ፣ የባላባቱ ልጅ፣ የአባቴን ስም ስጧት አሉ። አያታችን፣ ያገባት የባቡር ሠራተኛ፣ ሁሉንም ያውቅ ነበር። ልጆቻችን ሰው እንዳይንቃቸው ለማንም አትንገሪ ያላትም እሱ ነው።

አባቴ ቆሞ ነበር፤ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እማዬ፣ ታዲያ የአባትሽ ስም ማነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ነገርኩህ እኮ፣ ረስቼዋለሁ» አለችው።

እኔ በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ዛሬም በደንብ ልገልጸው አልችልም። አያቴ የሁልጊዜዋ አያቴ ናት፤ የለበሰችው ቀሚስ ትናንት ያጠብኩት ነው። ግን ከጎኗ ልቀመጥ ሄጄ አልጋው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የባሕር ማዶ ተረት ነው ብዬ የሰማሁት ነገር አልጋዋ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

እህቴ በማግሥቱ ለእሱ ነገረችው። ደስ ይለዋል፣ ይቀለዋል ብላ ነበር። እሱ ግን እስክትጨርስ አዳምጧት፣ «እዚህም?» ብቻ አለ። ከዚያ ፍሪጅ ሊሠራ ሄደ፤ ሲመለስ ዕቃውን ማሸግ ጀመረ። እናቱ በጣቷ እያሳየች ያሳደገችው አገር ከእጁ ወጥቶበት ነበር። እህቴ ለመነችው፣ ተቆጣችው፤ አልሰማም። ሻሸመኔ ሄደ። እህቴ ከሥራ መልስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛ ጀመር። አባቴም ከማንም ጋር አይነጋገርም። ከፋብሪካ መጥቶ እናቱን ሰላም ይላታል፤ አጠገቧ ግን አይቀመጥም። የሚያፍረው በእሷ ይሁን በራሱ አላውቅም ነበር።

ሰውየው ተመልሶ የመጣው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። ቀጥታ ወደ አያቴ ገባና ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት አላት። ያን ሁሉ መንገድ እንዴት እንደሄዱ ማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ታስረው እንደሆነ፣ ምን እንደበሉ፣ ያለቀሰ ልጅ ምን ይደረግ እንደነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንዴት ደፈረ ብዬ ተናድጄ ነበር። እሷ ግን ሁሉንም መለሰችለት። ትልልቆቹ ታስረው ትንንሾቹ በቅሎ ሥር ሥር ይሄዱ እንደነበር፣ ቆሎ በእፍኝ ይሰጣቸው እንደነበር፣ አንድ ልጅ መራመድ አቅቶት መንገድ ላይ እንደተተወ። የዚያን ልጅ ፊት አሁንም ታስታውሰዋለች፤ የአባቷን ግን አታስታውስም።

እሱ መነጽሩን አውልቆ ያለቅስ ጀመር። «እኛ አገር ይህን የሚጠየቅ ሰው የለም። ሁሉም ሞተዋል» አላት። እሷም እጇን ዘርግታ ራሱን ዳበሰችው።

አባቴ በዚያ መሀል ገባ። እንደ ሁልጊዜው ሰላም ብሎ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ቆመ፤ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እህቷ ስሟ ማን እንደነበር ጠየቃት። ይህን ስም አልረሳችውም ነበር። ሰምቶት የማያውቀውን የአክስቱን ስም አባቴ በጉልምስናው ሰማ።

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ተጠሩ። አባቴ ዘር ስለመቁጠር አላነሣም። ሰርጉ ግቢያችን ውስጥ በትንሽ ድንኳን ሆነ። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አልመጣም። የሴት ልጁ የጋብቻ ጉዳይ እየተመከረበት ስለነበር፣ እማዬ ጃጅታለች፣ የምትቃዠውን ለሰው ብታወራ ወንድሜ አይደለህም ብሎ ልኮበታል።

እህቴና ባሏ ብዙ ዓመት ሰርቪሷ ውስጥ ኖረው፣ በኋላ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። አያቴ ያረፈችው እነሱ ከመግባታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በቀብሯ ቀን የሕይወት ታሪኳን የሚያነበው አባቴ ነበር። አጎቴ ከፊት ቆሞ ነበር። ሁላችንም የጠበቅነው የተለመደውን ነው፤ ከእነ እገሌ ከእነ እገሊት ተወለደች የሚለውን። አባቴ ግን እናቴ በትክክል የት እንደተወለደች አናውቅም፣ በሕፃንነቷ ከእህቷ ጋር ተሰርቃ ተሸጠች ብሎ ጀመረ። የእህቷንም ስም ጠራ። አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አጎቴ አፈር ሳይመለስ ወጥቶ ሄደ።

ድንኳኑ ውስጥ በሦስቱ ቀን ሐዘን ይመጣሉ ያልናቸው አንዳንድ ሰዎች ቀሩ። የማናውቃቸው አንዲት አሮጊት ደግሞ መጥተው ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ቀስ ብለው ብዙ አወሩት። ምን እንዳሉት ሲጠየቅ የራሳቸው ጉዳይ ነው ብሎ አልነገረንም።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ ቤታችንን አልረገጠም። ልጁ ግን አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። በቅርቡ አያታችን በትክክል ከየት እንደተወሰደች ጠየቀችኝ። ከግቤ ማዶ ከሚለው በላይ የማውቀው እንደሌለ ነገርኳት። እሷ ግን ስልኩን አልዘጋችውም።