«ልዩ ልዩ» የተባለው ፎልደር

ፖሊሶች የያዙኝ የደንበኛ ስልክ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ነው። «ገጥሜው ልምጣ» ብላቸው «ሌላ ሰው ይገጥመዋል» አሉኝ። እንጅባራ ውስጥ በስልክ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የምንሞላውን ሁሉ ያን ቀን ለቃቀሙን።

ያስገቡን ክፍል ቀድሞ የድንች መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቶ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች። እግሩን መዘርጋት የፈለገ ጎረቤቱን ያስፈቅዳል። እኔ እንኳ ወሬ የማልጠግበው ሰውዬ፣ እዚያ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ሰለቸኝ።

የስልክ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ሰው ዘፈኑንም መዝሙሩንም የሚያገኘው ከእኛ ኮምፒውተር ነበር። ሚሞሪውን ያመጣል፣ እኛ እንገለብጥለታለን። በገበያ ቀን ማን አንድ በአንድ ይመርጣል? ፎልደሩን እንዳለ ነው የምንሰጠው። የእኔው «ልዩ ልዩ» ይባል ነበር። አንድ ጊዜ ታጣቂዎች የሚታዩበት ቪዲዮ ከሰው ሚሞሪ ተገልብጦ ገባበት። ፍተሻ መጀመሩን ስሰማ ከኮምፒውተሬ አጠፋሁት፤ የሰው ኪስ ውስጥ የገባውን ግን ከየት ለቅሜ ላጥፋው? ኮምፒውተሬን ሲፈትሹ ግን ምንም አላገኙም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንዱ ፖሊስ በበሩ ብቅ ብሎ «ከሰዓት ትወጣለህ» አለኝ። ልቤ ያኔውኑ ቤቴ ገባች።

ወዲያው አንድ ሽማግሌ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡ። ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወዲያ ከሰል አክሳይ ናቸው፤ የጥፍራቸው ሥር ጠቁሯል። ሥራዬን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኼ ስልክ የሚሉት ምንድን ነው? እኔ ለመደወል ነው የገዛሁት።»

የማውቀውን በመናገር ማን ይቀድመኛል! «አባባ፣ መጀመሪያ በሽቦ ታስሮ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ነበር» አልኳቸው። «ከዚያ ሽቦውን ፈቱለትና በአየር እንዲሠራ ሆነ። ያ ባለ ቁልፉ፣ ባትሪ የሚያበራው። ቆይተው ራዲዮ ጨመሩበት፣ ካሜራ ጨመሩበት፣ ሚሞሪ ጨመሩበት። በኋላ ቁልፉን አውጥተው ፊቱን ሁሉ መስታወት አደረጉትና ኢንተርኔት አስገቡበት። አሁን የእርስዎ ስልክ ትንሽዬ ኮምፒውተር ነው። መደወል ከሥራዎቹ አንዱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ባለቤቱ የማያውቀውን ነገር ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«እነሱም እሱን ነው አናምንም ያሉኝ። የጠመንጃ ሰዎች አሉበት ይሉኛል። ልጄ ናት እንጅባራ ወስዳ የአገውኛ ዘፈን ያስሞላችልኝ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት። ‹ልዩ ልዩ› የሚል ውስጥ ነው ያገኘነው አሉ። ነገ እሷን ሊያመጧት ነው።»

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ቤት የእኔ ነው። ዝም ብል ከሰዓት እወጣለሁ፤ እኒህ ሰው ይቀራሉ፣ ልጅቷም ትጨመራለች። በዚያች ስንጥቅ በኩል የባጃጅ ድምፅ ይሰማ ነበር። ፈራሁ፤ ዝም በል የሚለኝም ሐሳብ መጣብኝ፣ አልዋሽም።

«አባባ፣ የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ።

አዩኝ። በአገውኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ገብቶኛል፣ መልካም ቃል አልነበረም። ከዚያ በአማርኛ፦

«ይኼን ለእኔ ብቻ ልትነግረኝ ከሆነ ባትነግረኝ ይሻል ነበር።»

ከሰዓት ተጠራሁ። መርማሪው ወረቀት ገፋ አድርጎ «ፈርምና ውጣ» አለኝ። እስክሪብቶውን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«እዚያ ባሉት ሽማግሌ ሚሞሪ ላይ ያለውን ቪዲዮ የጫንኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም ልጃቸውም አያውቁትም።»

«ቤትህ ልትሄድ አልነበር እንዴ?»

«ነበር።»

ጽፎ አስፈረመኝ። ስመለስ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። በማግስቱ ተለቀቁ፤ ልጅቷም አልመጣችም። እኔ ክረምቱን እዚያው ጨረስኩት።

ዛሬ ዳንግላ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ሚሞሪ ግን አልሞላም፤ ሰው ሲለምነኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ሽማግሌው ደህና መሆናቸውን ሰምቻለሁ። አዲስ ቅዳም ቅርብ ነው፣ በሚኒባስ ሄዶ መጠየቅ ምንም አልነበረም። እስካሁን አልሄድኩም። ሰው ሁሉ እሳቸውን ያስፈታሁ ጀግና አድርጎ ያወራልኛል፤ ያሳሰርኳቸው እኔ መሆኔን ማንም አያነሳም። ቢቆጡኝ እችለዋለሁ። ቢያመሰግኑኝ ግን ምን እመልሳለሁ?