የዘካሪያ ግራ እጅ

ግድግዳ የሚጋራ ተከራይ ምስጢር የለውም። ጋሽ አራጋው መቼ እንደሚያስላቸው፣ ሬዲዮናቸውን መቼ እንደሚዘጉ፣ ከማን ጋር እንደሚያወሩ አውቃለሁ። ከማንም ጋር አያወሩም። ሚስታቸው ከሞቱ፣ ልጃቸውም ጂዳ ከገባች ወዲህ በራቸውን የማንኳኳው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ጠዋት ባጃጄን ከግቢ ሳወጣ ደህና አደሩ ለማለት ያህል ነው።

ሰሞኑን ግን ያ ሁሉ ዝምታ ናፈቀኝ። ምሳዬን ልበላ በገባሁ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ ፒያኖ ይጀምራል፤ ትንሽ ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው። እህሉ ጉሮሮዬ ላይ እስኪቆም ሰማሁት። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አልቆ ገባሁባቸው።

"ጋሽ አራጋው፣ ይሄ ዘፈን ዘፋኝ የለውም?"

"መግቢያው ነው" አሉኝ፣ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ። "ዘፋኙ ከመውጣቱ በፊት ጋሽ ዘካሪያ ብቻቸውን የሚጫወቱት።"

ጋሽ አራጋው የኩታበር ገበሬ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ኮምቦልቻ ወርደው ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሽመና ማሽን ሲጮህባቸው ኖረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ወፍራም ድምፅ ያለውን ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ኖታ ያስተማሯቸው ከጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ የተሰናበቱ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጓደኞቻቸው መካከል የሰማውን ወረቀት ላይ ማስፈር የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

ዘካሪያ የዚያ የሆቴል ባንድ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ሰውየውን አይቼው ስለማላውቅ አንቱታውን ለጋሽ አራጋው ትቼዋለሁ። የፈረንጁን ሮክ በጆሮው ለቅሞ፣ የወሎን ቅኝት ቀላቅሎበት፣ በየሳምንቱ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጥረው መግቢያ ነበረው። የአንዱን ቅዳሜ ለሌላው አይደግምም። አምና ሲሞት ልጁ ለይላ ከዕቃው መካከል አንድ ካሴት አገኘች፤ ወደ ስልክ አስገልብጣ በቴሌግራም ላከችላቸው። "ካሴቱ ሊበጠስ ነው፤ አባቴ ጨርሶ ሳይጠፋ በወረቀት ያስቀምጡልኝ" አለቻቸው።

ከባንዱ በሕይወት የቀሩት ጋሽ አራጋው ብቻ ናቸው። ይህን መጻፍ ካቃታቸው የዘካሪያ ጨዋታ ከካሴቱ ጋር ያልቃል፤ የሳቸውም ወጣትነት አብሮ። ያን ያህል ነገር ነው አንድ እርሳስ ላይ የተንጠለጠለው።

ወረቀቱን አሳዩኝ። የፒያኖ ኖታ በሁለት ረድፍ ይጻፋል፤ የላይኛው የቀኝ እጅ ነው፣ የታችኛው የግራ። የላይኛው በጥንቃቄ ተሞልቷል። የታችኛው ባዶ ነው።

"ግራ እጃቸው አይሰማኝም" አሉ። "ወፍራሙ ድምፅ የለም። ማሽኑ ጆሮዬን በልቶታል።"

ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁ።

"እኔም አይሰማኝም።"

"አንተ ደግሞ! የባጃጅ ጆሮ ይዘህ ልትመሰክር ነው?"

ተቀየምኳቸው። ግን ጆሮዬ ሄደ ብለው ፈርተው ነበርና ቅያሜዬ አልቆየም። "ታዲያ ከራስዎ ጨምረው ይሙሉት፤ ማን ያውቅብዎታል?" ስላቸው ክፉ ነገር የተናገርኩ ያህል አዩኝ። ለይላ በልጅነቷ ልምምድ ላይ ከፒያኖው ጎን ትቀመጥ ነበር፤ እሷ ትነግረኛለች ብለው ደሴ ለመሄድ ቆረጡ። ብቻቸውን መልቀቅ አልሆነልኝም። ባጃጄን አቁሜ አብሬያቸው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሐረጎን ስንወጣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘውታል።

"ዘካሪያ መግቢያውን ሲጫወት እናንተ ዝም ብላችሁ ትቆሙ ነበር?" አልኳቸው።

"ታላቅ ሲናገር መሃል አይገባም። መግቢያው የሳቸው ነው።"

"ባንዱ ከተበተነ በኋላስ አልተገናኛችሁም?"

"ለቅሶ ላይ እንተያይ ነበር። ሰላም እንባባላለን። ሌላ ምን ይወራል? ዝም አይነቅዝም።"

ተረቱን አልወደድኩትም። ይነቅዛል እንጂ! ከግድግዳቸው ማዶ ሆኜ ስንት ዓመት ሲነቅዝ ሰምቻለሁ። ግን ሽማግሌ ናቸው ብዬ ተውኩት።

ለይላ ቤት ስንደርስ የምትኖርበት ቧንቧ ውሃ ሰፈር በጉም ተሸፍኗል። ሻይ አቀረበችልን። ጋሽ አራጋው ብርጭቆውን አልነኩትም።

"ለይላ፣ የአባትሽን ግራ እጅ ማግኘት አቃተኝ። ጆሮዬ ሄዷል መሰለኝ።"

"ወላሂ ጆሮዎ ምንም አልሆነም" አለች። "አባቴ መግቢያው ላይ በግራ እጁ አይጫወትም ነበር። ጉልበቱ ላይ ያሳርፈዋል።"

"ለምን?"

ለይላ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። "የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር እኮ። ወፍራሙን የተወው ለእርስዎ ነው። 'አራጋው ይገባበታል' እያለ ይጠብቅ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ሲመጣ እናቴ በሩን እንደከፈተች 'ገባ?' ትለዋለች። 'ዛሬም አልገባም' ይላል። 'ታዲያ ንገረዋ!' ስትለው፣ 'ተለምኖ የሚመጣ ጨዋታ ለዛ የለውም' ይላታል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እዚያ ቤት እናት የምታውቀውን፣ ሕፃን ልጅ የምታውቀውን፣ አጠገቡ ቆሞ የነበረው ሰው አልሰማም። በሁለቱም ተናደድኩ። አንዱ ታላቅ ነኝ ብሎ አልጠየቀ፣ ሌላው ታናሽ ነኝ ብሎ አልደፈረ፤ አንድ መድረክ ላይ ሲጠባበቁ ዕድሜያቸው አለቀ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ሰው ብቻውን አስቀርቷል!

ጋሽ አራጋው ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"እኔ እኮ እጫወት ነበር" አሉ።

"እንዴት?" አለች ለይላ።

"ዝም ማለት አልችልም ነበር። የጊታሩን ድምፅ እዘጋና አብሬያቸው እጫወታለሁ። ሁሌም፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር። እንዳይሰሙኝ ብዬ ነው የምዘጋው።"

ለይላ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "አብሽሩ ጋሽ አራጋው" አለች። ቀጥላም ፌስታሉን አንስታ ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋችው። "ካወቁት ይጻፉታ።"

እርሳሳቸውን አወጡ። ስልኩን አልከፈቱም። የላይኛውን ረድፍ እያዩ የታችኛውን ሞሉት፤ በቀኝ እጃቸው ሲጽፉ የግራ እጃቸው ጣቶች ጠረጴዛው ላይ የጊታር ክር እንደሚጫን ይንቀሳቀሱ ነበር። ሰውየው እንደዚያ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም። አንድም ቦታ አልሰረዙም።

ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"አባትሽ ይወዱት ነበር ትያለሽ?"

ለይላ ኖታ ማንበብ አትችልም። ቢሆንም ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው።

"እንዴት ብዬ ልወቅ ጋሽ አራጋው?" አለች። "አባቴ እኮ አልሰማውም።"